እንሰትን የሣለው እጅ፦ የባሮክ ዘመን የተፈጥሮ ጥናትና የመልክዓ ምድር ንድፍ ለሥዕል ትምህርት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ጉንችሬ ከወልቂጤ ተነሥቶ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የእነሞር ምድር ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲባል በየመንደሩ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው እንሰት ነው። በዚያ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት እንሰትን ያውቃል፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ፣ ግንዱ ሲፋቅ፣ አምቾው ሲወጣ፣ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ አይቷል። ይሁን እንጂ ያው ሕፃን ትምህርት ቤት ገብቶ «አንድ ተክል ሣል» ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ያቆምና በላዩ ደመና የመሰለ ክብ ቅጠል ያስቀምጣል። እንዲህ ያለውን ዛፍ በጓሮው አላየውም፤ ከጥቁር ሰሌዳ ወይም ከመጽሐፍ ገጽ የቀዳው ነው።

በዓይን የሚታየውን ትቶ የተቀዳውን መሣል የዛሬ ችግር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ከ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተነሡ ሠዓልያን ይህንኑ ልማድ ለመተው ብዙ ደክመዋል። የድካማቸውም ውጤት በረጅም መንገድ ተጉዞ ኢትዮጵያ ደርሷል፤ እንሰትን፣ ኮሶን፣ ዋንዛንና ጤፍን ፊት ለፊት አይቶ የሣለ አንድ የቦሎኛ ተወላጅ በጎንደር ኖሮ በጎንደር ሞቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው ሥራና ሥራው የበቀለበትን የሥዕል ልማድ ባጭሩ መርምሮ፣ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ከሥራ ቤት ወደ ሜዳ

ባሮክ የሚባለው የኪነ ጥበብ ስልት በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በኢጣሊያ ተነሥቶ እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሠለጠነ ነው። ስሙ ሲነሣ በብዙዎች ሐሳብ የሚመጣው የአብያተ ክርስቲያናትና የቤተ መንግሥት ጌጥ፣ የብርሃንና የጨለማ ፍልሚያ፣ የሰው ልጅ ብርቱ ስሜት ነው። ነገር ግን ከዚህ ግርማ ሥር አንድ ጸጥ ያለ ሥራ ነበረ፤ ይኸውም ተፈጥሮን በትዕግሥት እያዩ በወረቀት ላይ መንደፍ ነው።

በ1582 ገደማ አኒባሌ ካራቺ፣ ወንድሙ አጎስቲኖና የአጎታቸው ልጅ ሉዶቪኮ በቦሎኛ ከተማ አንድ የሥዕል ማሠልጠኛ አቋቋሙ። ከእነርሱ በፊት ብዙ ሠዓልያን ከቀደሙ ሊቃውንት ሥራ መቅዳትን የትምህርት ሁሉ መሠረት አድርገውት ነበር። ካራቺዎች የቀደሙትን ሊቃውንት አልናቁም፤ ሆኖም ተማሪው ሕያው የሆነውን ነገር፣ ሰውንም ሆነ ዛፍን፣ ራሱ አይቶ እንዲነድፍ ጠየቁ። አኒባሌ በ1604 ገደማ በሮም በሣለው «ወደ ግብፅ ስደት» በተባለው ሥዕል ውስጥ ቅዱሳኑ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፤ የሥዕሉን ሰፊ ቦታ የያዙት ወንዙ፣ ዛፎቹና ኮረብታው ናቸው። ቀድሞ የታሪኩ መጋረጃ ብቻ የነበረው መልክዓ ምድር በዚህ ጊዜ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ክሎድ ሎሬን ከሮም ከተማ ውጭ ባለው ሜዳ እየተዘዋወረ ብርሃን በዛፍና በፍርስራሽ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በብዕርና በቀለም ውሃ ነደፈ። በሆላንድ ሬምብራንት ከአምስተርዳም ወጥቶ ቦዮችን፣ ጎጆዎችንና ሰማይን ሣለ፤ በ1643 በመዳብ ሰሌዳ ላይ ያወጣው «ሦስቱ ዛፎች» ዛሬም ስለ አየርና ስለ ብርሃን አሣሣል በምሳሌነት ይጠቀሳል። ጀርመናዊቷ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ደግሞ በ1699 እስከ ደቡብ አሜሪካ ሱሪናም ድረስ ሄዳ፣ አባ ጨጓሬ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ ከሚበላው ተክል ጋር አንድ ላይ ሣለች፤ መጽሐፏም በ1705 ታተመ። ሜሪያን ሥዕሏን ብቻ አላቀረበችም፤ የአገሩ ተወላጆችና በባርነት የተያዙ አፍሪቃውያን ሴቶች ስለ ተክሎቹ ጥቅም የነገሯትንም ጽፋለች።

በዚሁ ዘመን በኢትዮጵያ ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ ሆና የሥዕል ጥበብ አብቦባት ነበር። በ18ኛው ምዕት ዓመት፣ በተለይም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ፊትንና ልብስን በጥላ ማለዘብ፣ የሥዕሉንም ጀርባ ከቀለም ወደ ቀለም እያሸጋገሩ መሥራት ጀምረዋል። መልክዓ ምድርን ለብቻው ነጥሎ መሣል ግን የእነርሱ ሥራ አልነበረም። ይህ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አይደለም፤ የሥዕላቸው ዓላማ ምእመናንን ማስተማር እንጂ የአገሩን ዕፅዋት መመዝገብ አልነበረምና። የሁለቱ ልማዶች መንገድ የተለያየ ቢሆንም በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙበት አጭር ጊዜ ነበር።

ለ. በወሬ የተሣለና በዓይን የተሣለ

ኢትዮጵያ በባሮክ ዘመን አውሮፓ የታወቀችው በመጀመሪያ በቃልና በጽሑፍ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት ወደ አገሩ የገቡት ኢየሱሳውያን፣ ከእነርሱም መካከል ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ስለ እንሰት ጽፈው ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ስለ አገሩ የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘው ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሁለቱ በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን ተጋብዘው በጎታ ከተማ ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። የዚህ ጓደኝነት ፍሬ የሆነው «የኢትዮጵያ ታሪክ» በ1681 ታተመ።

የመጽሐፉ ቃል በዚያ ዘመን አቻ ያልነበረው ነው። ሥዕሎቹ ግን ከቃሉ ጋር እኩል አይቆሙም። ዝንጀሮዎቹን የቀረጸው አውሮፓዊ ባለሙያ የኢትዮጵያን ገደልና ዝንጀሮ አላየም፤ የሰማውን ይዞ የቀረውን በሐሳቡ ሞላው። የአዋቂ ሰው ቃል እውነትን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ቃሉን ወደ መስመር የሚለውጠው ሰው ግን ነገሩን ካላየ፣ የጎደለውን ቀድሞ በሚያውቀው ቅርጽ ይሞላዋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለው ደመና መሳይ ዛፍም የሚወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐ. ባሉጋኒ በጎንደር

ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1737 በቦሎኛ ተወለደ። ካራቺዎች ባስተማሩባት ከተማ፣ ከእነርሱ በኋላ በ18ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በተቋቋመው በክሌመንቲና አካዳሚ የሥዕልና የሕንፃ ንድፍ ተማረ። በ1765 የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ የሚያደርገውን ጉዞ በንድፍ እንዲመዘግብለት ቀጠረው። በሰሜን አፍሪቃና በሶርያ የጥንት ፍርስራሾችን ከነደፉ በኋላ፣ በ1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በ1770 መጀመሪያም ጎንደር ገቡ።

የአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ባሉጋኒ በሠራበት ዓመታት ከባሮክ ወደ ሌላ ስልት ይሸጋገር ነበር፤ እጁ የሠለጠነው ግን በአሮጌው የቦሎኛ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም፦ አስቀድሞ ማየት፣ ቀጥሎ በፍጥነት መንደፍ፣ በመጨረሻም ንድፉን ይዞ በዝግታና በጥንቃቄ የተጠናቀቀ ሥዕል ማውጣት ነው። ባሉጋኒ በዚህ ሥርዓት የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሣለ። የብሩስ ጉዞ በአምስት ጥራዞች በ1790 በኤዲንብራ ሲታተም፣ የመጨረሻው ጥራዝ የዕፅዋትና የእንስሳት ሥዕሎችን ይዞ ወጣ። ከዕፅዋቱ መካከል ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ወልከፋ፣ ዋጊኖስ፣ ጤፍና እንሰት ይገኛሉ። ስሞቹ የፊደሉ አጻጻፍ ቢለያይም የአገሩ ሰዎች የሚጠሯቸው ስሞች ናቸው።

ብሩስና ባሉጋኒ እንሰትን ያገኙት በጉራጌ ምድር አልነበረም፤ ወደዚያ አልደረሱም። ብሩስ ተክሉ በናርያ እንደሚበዛ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ባለው በሜጫም ሕዝቡ እንደሚመገበው ጽፏል። ዛሬ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ተክሉ ይበልጥ የሚታወቀው ኮባ በሚለው ስም ሲሆን፣ ቅጠሉም ለዳቦ መጋገሪያ ይውላል፤ ለምግብ የሚያለማው ሕዝብ በአመዛኙ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ነው። በእንሰት የሚመገበው ሕዝብ ቁጥር ሃያ ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። ጉራጌ ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱ ነው።

የእንሰት ሥዕል ከሌሎቹ ዕፅዋት ሥዕል ይከብዳል። ቅጠሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ግንድ መስሎ የሚታየውም እርስ በርሱ የተጠቃለለ የቅጠል እግር እንጂ እውነተኛ ግንድ አይደለም። ስለሆነም ሠዓሊው ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት፤ ሙሉ ተክሉን ከነቁመናው ማሳየትና ክፍሎቹን ለየብቻ ቀረብ አድርጎ መመርመር። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ገበሬውም አብዛኛውን ጊዜ ከማበቡ በፊት ወይም በሚያብብበት ወራት ይነቅለዋል። በመሆኑም አበባውንና ፍሬውን ለመሣል ትክክለኛውን ተክል በትክክለኛው ጊዜ ማግኘት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በቦሎኛ አካዳሚ የሚሰጥ አይደለም፤ ተክሉን ከሚያለማው ሰው የሚገኝ ነው።

የሥዕሉ ፍሬ ብዙ አልቆየም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪኽ ግመሊን በብሩስ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ1791 ተክሉን ከሙዝ ወገን መድቦ በሳይንስ መዝገብ አስገባው። በ1947 ደግሞ ኧርነስት ቺስማን እንሰት ከሙዝ የተለየ ወገን መሆኑን አጸና። ዛሬ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የወገኑ ስም «እንሰቴ» ይባላል። በኢትዮጵያ ጓሮ የነበረው ቃል በዚህ መንገድ የዓለም ቃል ሆነ።

መ. የጠፉት ስሞች

ባሉጋኒ የሥራውን ፍሬ አላየም። በኅዳር 1770 ከብሩስ ጋር እስከ ግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1771 መጀመሪያ ወራት በጎንደር ታምሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒ እስከ ምንጩ አብሮት እንደ ሄደ አልገለጸም፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አድርጎ አቀረበ። የባሉጋኒ የመንገድ ማስታወሻ በጣሊያንኛ ተጽፎ ከብሩስ ወረቀቶች መካከል ተቀምጦ ነበርና፣ አሌክሳንደር መሪ በ1805 ሁለተኛውን እትም ሲያዘጋጅ የሟቹ ድርሻ መታየት ጀመረ። የዕፅዋቱ ሥዕሎች በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ኪነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ፖል ሃልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ የባሉጋኒን የአፍሪቃ ዕፅዋት ሥዕሎች በስሙ በአንድ መጽሐፍ አወጡለት። ከሞተ 220 ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህ የዘገየ ፍትሕ ቢሆንም ፍትሕ ነው። ሌላ ወገን ግን እስከ ዛሬ ስሙ አልተመለሰለትም። ለሠዓሊው «ይህ ኮሶ ነው፣ ይህ ዋጊኖስ ነው» ብሎ የነገረው ማን ነው? ያበበ እንሰት ያለበትን ጓሮ ያሳየው ማን ነው? ዋጊኖስ በብሩስ ስም «ብሩሲያ» ተብሎ ተመዘገበ፤ መድኃኒትነቱን አስቀድሞ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም። የተክሉ ስም ተርፎ የነጋሪው ስም ጠፋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ከንድፍ ጋር የሠዓሊውም የነጋሪውም ስም ሊጻፍ ይገባል።

ሠ. ጀፎረ እንደ መልክዓ ምድር

እስከ አሁን የተነገረው ስለ አንድ ተክል ጥናት ነው። የባሮክ ዘመን ሁለተኛው ትምህርት የሰፊ ቦታ አሣሣል ሲሆን፣ በጉራጌ መንደር ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ጀፎረ በሣር የተሸፈነ፣ በጣም ሰፊና ቀጥ ያለ የመንደር መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ በረድፍ ቆመው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ፤ ከቤቶቹ ጀርባ እንሰቱ ይቆማል። ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ ሠርግና ለቅሶ፣ ሸንጎና የልጆች ጨዋታ፣ የመስቀል በዓል ሳይቀር የሚስተናገድበት የጋራ ስፍራ ነው።

ሆላንዳዊው ሜይንደርት ሆበማ በ1689 የሣለውና በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል የሚገኘው «የሚድልሃርኒስ ጎዳና» በዚህ ረገድ ሊታይ ይገባዋል። በሥዕሉ መካከል አንድ የገጠር መንገድ ከተመልካቹ እግር ሥር ተነሥቶ ወደ ሩቅ ይሄዳል፤ በሁለቱ ጎን የተተከሉት ረጃጅም ዛፎች እየራቁ በሄዱ ቁጥር እያጠሩና እየተቀራረቡ ሄደው በአንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ። ሥዕሉ ቤተ መንግሥትም ጦርነትም የለበትም። በውስጡ ያለው ተራ መንገድ፣ ተራ እርሻና ሰፊ ሰማይ ነው፤ ሆኖም ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በጀፎረ መካከል የቆመ ተማሪ ይህንኑ ሕግ ያለ መጽሐፍ ያየዋል። የቤቶቹ ጣራዎች ወደ ታች፣ የአጥሮቹ ሥር ወደ ላይ እያዘነበሉ ወደ አንድ ነጥብ ይሄዳሉ፤ ቅርብ ያለው እንሰት ከሩቁ ቤት በልጦ ይታያል፤ የሩቁ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። መምህሩ «የዕይታ ነጥብ» የሚለውን ቃል ከማስተማሩ በፊት ተማሪው ነጥቡን በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። በሥዕል ትምህርት ረቂቅ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ የሆነው የርቀት ሕግ ለጉንችሬ ተማሪ በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ረ. በክፍል ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ሥራ

ከላይ ከተገለጸው ታሪክ ተነሥቶ፣ ብዙ ገንዘብና መሣሪያ ሳያስፈልግ የሚከተለውን ሥራ ማካሄድ ይቻላል።

1ኛ/ ከመንደፍ በፊት ማየት። ተማሪዎች ወረቀት ሳይዙ በአንድ እንሰት ዙሪያ ቆመው ያዩትን በቃል ይናገሩ፦ ቅጠሉ ከየት ይነሣል? የመካከለኛው ጅማት ቀለሙ ምንድን ነው? ግንዱ ከሥሩ ይሰፋል ወይስ ይጠባል?

2ኛ/ መለካት። ክንድን ዘርግቶ በአንድ ቀጭን እንጨት የተክሉን ቁመት ከወርዱ፣ ቅጠሉን ከግንዱ ማወዳደር ይቻላል። እርሳስ በማይገኝበት ስፍራ ከሰል ይበቃል።

3ኛ/ ሙሉውንና ክፍሉን መለየት። እንደ ባሉጋኒ በአንድ ወረቀት ሙሉ ተክሉን፣ በሌላ ወረቀት አንድ ቅጠል ወይም ተቆርጦ የታየ አምቾ መንደፍ ይገባል።

4ኛ/ ስም መጻፍ። በንድፉ ግርጌ የዝርያው የአካባቢ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የነደፈው ተማሪ ስምና፣ ፈቃዳቸው ሲሆን፣ ዝርያውን ለይተው የነገሩት አባት ወይም እናት ስም ይመዝገብ።

ይህ ሥራ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማሟያ ብቻ አይደለም። የእንሰት ገበሬዎች ብዙ ዝርያዎችን በቅጠል፣ በጅማትና በግንድ ቀለም ይለያሉ። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ነው፤ ነጋሪው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በሌላ በኩል፣ በሳይንስ ጽሑፍ በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ተክሉ ባለበት አገር ሁሉ ሥጋት ሆኗል። በሽታው መጀመሪያ የሚታወቀው በመካከለኛው ቅጠል መጠውለግና ቢጫ መሆን ነው። ጤነኛውን ቅጠል በጥንቃቄ የነደፈ ተማሪ የታመመውን ከሩቅ ይለያል፤ ያልነደፈው ግን ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። እንዲሁም የአንድ መንደር ተማሪዎች በየዓመቱ ጀፎረያቸውን ከአንድ ስፍራ ቆመው ቢነድፉት፣ ንድፎቹ ሲሰበሰቡ መንገዱ የቱ ጋ እንደ ጠበበ፣ የቱ ዛፍ እንደ ተቆረጠ፣ የትኛው የሣር ጣራ በቆርቆሮ እንደ ተተካ የሚመሰክሩ መዝገብ ይሆናሉ።

መደምደሚያ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የአገሩን ተፈጥሮና መልክዓ ምድር የሚሥሉ ብዙ ባለሙያዎች ተነሥተዋል። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ሥዕል የትርፍ ጊዜ ሥራ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የባሮክ ዘመን የተፈጥሮ ጥናት ታሪክ ይህን አመለካከት ይቃወማል። ንድፍ ማወቂያ መንገድ ነው፤ ዕፅዋት የሚለዩበት፣ በሽታ የሚታወቅበት፣ የመንደር መልክ የሚመዘገብበት ሥራ ነው።

ከ250 ዓመት በፊት እንሰትን አይቶ ለመሣል አንድ ሰው ከቦሎኛ ተነሥቶ ባሕር መሻገር፣ በረሃ ማቋረጥና በመጨረሻም በሰው አገር መቀበር ነበረበት። የጉንችሬ ተማሪ ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገው ከቤቱ ጀርባ መውጣት ነው። ባሉጋኒ ያላገኘውንም በቅርብ ያገኛል፤ የተክሉን ስም፣ ዕድሜና ጠባይ የሚያውቁት ወላጆቹ እዚያው ከእንሰቱ ሥር አሉ። የመምህሩ ድርሻ ተማሪውን ከሰሌዳው ፊት አስነሥቶ ወደ ጓሮው መላክ፣ ሲመለስም በንድፉ ግርጌ የተጻፉትን ስሞች አብሮት ማንበብ ነው።